ወፍራም እህት፣ ቀጭን ወንድም

ጎንደር ውስጥ አስፋልት ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ ልጆች አሉ። ጥቂት ብር ተቀብለው ይመዝናሉ፤ ኪሎውን ጮክ ብለው ይናገራሉ። የተመዘነው ሰው ቁጥሩን ይዞ ይሄዳል። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግረው ግን የለም።

ከዚህ በታች ያለው ምልልስ የተሰናዳ ነው፤ ተነጋጋሪዎቹ ግን በብዙ የጎንደር ቤቶች የሚገኙ ሰዎች ናቸው። አንደኛዋ ማራኪ ላይ እህልና ቅመም የሚነግዱ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሱ ሴት ናቸው። ሁለተኛው የሌላ ወንድማቸው ልጅ ነው፤ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን ክትትል ክፍል የሚሠራ ጤና መኮንን። በወሬያቸው መሐል የሚነሡት ደግሞ የሴትዮዋ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ዳባት አካባቢ የሚያርሱ ገበሬ።

አክስት፦ ሰባ ስምንት ኪሎ አለኝ ልጁ። አጠገቤ የቆመችው ሴት ሰምታ «አማረብዎት» አለችኝ። አንተ ግን ስነግርህ ዝም አልህ።

ጤና መኮንን፦ ሰባ ስምንት ብቻውን ምንም አይነግረኝም እትዬ። ለረጅም ሰው ትክክል ነው፤ ለአጭር ሰው ብዙ ነው። ቁመትዎን ይንገሩኝ።

አክስት፦ ለመታወቂያ ሲለኩኝ አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት ብለው ጻፉ።

ጤና መኮንን፦ እንግዲህ ቁመቱን በራሱ ያባዙት። 1.58 በ1.58 ወደ 2.5 ይመጣል። ከዚያ ኪሎዎን ለዚያ ያካፍሉ።

አክስት፦ ሰባ ስምንት ለሁለት ተኩል... ሠላሳ አንድና ትንሽ።

ጤና መኮንን፦ 31.2። እኛ ቢኤምአይ የምንለው ይኼ ነው። ለአዋቂ ሰው ከ18.5 በታች ከሆነ ክብደቱ አንሷል እንላለን። ከ18.5 እስከ 25 ባለው ውስጥ ከሆነ ጤናማ ነው። 25 ካለፈ ክብደት በዝቷል፤ 30 ከደረሰ ውፍረት ይባላል። በእርስዎ ቁመት ጤናማው ከ46 እስከ 62 ኪሎ ነው። ለልጆችና ለነፍሰ ጡር ይኼ አይሠራም፤ ለነሱ ሌላ መለኪያ አለ። ነፍሰ ጡር ሴት ስትመጣ የክንዷን ዙሪያ ነው የምንለካው፤ ከ23 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ምግብ አንሷታል ብለን እንይዛታለን።

አክስት፦ ስድሳ ሁለት! እኔ ስድሳ ሁለት የሆንሁት ሳገባ ነው። ለመሆኑ ይኼን ወሰን ማን ሠራው? ጎንደሬ አይተው ነው?

ጤና መኮንን፦ አይደለም፤ ይኼን ቢያውቁት ደስ ይለኛል፤ እኛም ጋ ብዙ ባለሙያ ሳይጠይቅ የሚጠቀምበት ነገር ነውና። ስሌቱን መጀመሪያ ያወጣው ኬትሌ የሚባል ቤልጅጋዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ። ሐኪም አልነበረም። የሥነ ፈለክና የስታትስቲክስ ሰው ነበር፤ የሚፈልገውም መካከለኛው ሰው ምን እንደሚመስል ማወቅ ነበር እንጂ የማንንም በሽታ መለየት አልነበረም። አዋቂዎችን ሲለካ ክብደት ከቁመት ጋር እንደሚያድግ ብቻ ሳይሆን በራሱ ከተባዛ ቁመት ጋር ተቀራርቦ እንደሚሄድ አየ። ከዚያ ስሌቱ ከመቶ ዓመት በላይ ተኛ። እ.ኤ.አ. በ1972 አንሰል ኪስ የተባለ አሜሪካዊ ከጓደኞቹ ጋር ከአምስት አገሮች ከሰባት ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን ለክቶ፣ ከሌሎቹ ስሌቶች ይልቅ ይኼኛው ለሰውነት ስብ ይቀርባል አለና ዛሬ የምንጠራበትን ስም ሰጠው። የለካቸው ሁሉ ወንዶች ነበሩ።

አክስት፦ ሴት የለችበትም?

ጤና መኮንን፦ አንዲትም።

አክስት፦ ታዲያ በኔ ላይ ምን አመጣው?

ጤና መኮንን፦ ኋላ ሴቶችም ገቡበት። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት ወደ 900 ሺህ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሏል፤ አብዛኞቹ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ሰዎች ናቸው፤ ወንድም ሴትም አሉበት። ሞት ያነሰው ከ22.5 እስከ 25 ባሉት ዘንድ ነበር። ከዚያ ሽቅብ ሲሄድ ሞቱ ይጨምራል፤ ቁልቁል ሲወርድም ይጨምራል። እኔ የምይዘው ይኼንን ነው፤ አደጋው በሁለቱም ጫፍ መሆኑን። እኛ አገር ግን ሰው ቢኤምአይ ሲባል የሚታየው ወፍራም ሰው ብቻ ነው።

አክስት፦ እኔ እህል ስመዝን የኖርሁ ሰው ነኝ። ጆንያ ሚዛን ላይ ሲወጣ ሚዛኑ ኪሎውን እንጂ ውስጡ ጤፍ ይሁን ጠጠር የተቀላቀለበት አያውቅም። የሰውም እንደዚያው አይደል?

ጤና መኮንን፦ ልክ ብለዋል። ሚዛኑ ሥጋውን ከስቡ፣ አጥንቱን ከውኃው አይለይም። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ የሚሸከም ግንበኛ 27 ቢወጣ ጡንቻው ሊሆን ይችላል። አንድ የሰባ ዓመት ሰው 23 ወጥቶ ጡንቻው አልቆ በቦታው ስብ ሊሆን ይችላል። እግረ ረጅምና ደረተ አጭር የሆነ ሰው፣ ቆላ ላይ ከብት የሚያረቡት ብዙዎቹ እንደዚያ ናቸው፣ ሳይራብም ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ወደ እስያ ሲሄዱ ደግሞ በተመሳሳይ ቁጥር የሆድ ስቡ ይበዛል፤ ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ለእስያ ሰዎች ከ23 ጀምሮ ጥንቃቄ ይደረግ የሚል ሐሳብ አቀረበ። እኛም አገር ጅማ ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች 25 ለኢትዮጵያዊ ከፍ ያለ ወሰን እንደሆነ የሚያመለክት ውጤት አግኝተዋል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ከብዙ አገር የተውጣጡ ሐኪሞች ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ሥር ተሰባስበው፣ አንድን ሰው በቢኤምአይ ብቻ «ውፍረት አለበት» ማለት አይበቃም፣ ወገቡም ይለካ አሉ።

አክስት፦ ወገብ ከሆነ ሜትር አለኝ። ልጅቷ ልብስ የምትሰፋበት።

ጤና መኮንን፦ ያምጡት። በቀሚሱ ላይ አይሆንም፤ በገላ ላይ ነው። የመጨረሻዋን የጎን አጥንት በጣት ይፈልጉ፤ ደግሞ የዳሌውን አጥንት ጫፍ። በሁለቱ መሐል ያዙሩት። ሆድ አይሳቡ፤ ተንፍሰው ያንብቡት።

አክስት፦ ዘጠና ስድስት።

ጤና መኮንን፦ ለሴት ከ80 ሲያልፍ ልብ በሉ ይባላል፤ ከ88 ሲያልፍ አደጋው ከፍ ብሏል። ለወንድ 94 እና 102 ነው። ቁጥር መያዝ የሚያስቸግረው ሰው ደግሞ ወገቡ ከቁመቱ እኩሌታ እንዳይበልጥ ይጠብቅ፤ የእርስዎ እኩሌታ 79 ነው። በቆዳ ሥር ያለው ስብ ብዙም አይደለም የሚጎዳው፤ ሆድ ዕቃን ከቦ፣ ጉበት ውስጥ ገብቶ የሚቀመጠው ነው ኢንሱሊን እንዳይሠራ የሚያደርገው፣ ግፊት የሚያነሣው። ስለዚህ 31 ብቻውን ቢሆን ልከራከርለት እችል ነበር። 31 እና 96 አንድ ላይ ሲመጡ ግን አልከራከርም። ግፊትዎንና ስኳርዎን እለካለሁ፤ ዛሬውኑ።

አክስት፦ እኔን እኮ ምንም አያመኝም።

ጤና መኮንን፦ ግፊት አያምም እትዬ። 140 በ90 ደርሶ ዓመታት የሚቀመጥ አለ። ስኳርም ሲጀምር አያምም። ክፍላችን ከሚመጡት ብዙዎቹ የሚመጡት እግራቸው ሲቆስል፣ ዐይናቸው ሲደክም፣ ግማሽ ሰውነታቸው ሲዝል ነው። የሚያናድደኝ እሱ ነው፤ ያኔ የምሠራው ሥራ ጥገና ነው።

አክስት፦ አንድ ነገር ልንገርህ፤ አትቆጣ። እናንተ ልጆች ውፍረትን ስታዩ በሽታ ይታያችኋል። እኛ ያየነው ሌላ ነው። የሰባ ሰባትን ረሃብ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ ያ የኤድስ በሽታ መጣ፤ ሰው ትንሽ ከሳ ሲሉት ሰፈር ሁሉ በሹክሹክታ ይቀብረው ነበር። ጎረቤቴ የነበረች ልጅ በጨጓራ ከስታ ሰው ሻይ መጠጫዋን ለየባት። ስለዚህ አንዲት ሴት ደልደል ስትል «አማረብሽ» የምንላት ስለ ሆዷ አይደለም። አለሽ፣ አልተራብሽም፣ አልታመምሽም ማለታችን ነው።

ጤና መኮንን፦ አልቆጣም። ይኼን የማይሰማ ጤና ባለሙያ ቢኤምአይን ለጎንደር ሰው ማስረዳት የሚችል አይመስለኝም። ፍርሃታችሁ ከመሬት ተነሥቶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በመላ አገሪቱ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት ሴቶች መቶ ላይ 22ቱ ከ18.5 በታች ነበሩ። ክብደታቸው የበዛው 8 ብቻ። በወንዶቹማ 33ቱ ቀጫጭኖች ነበሩ፤ ክብደት የበዛባቸው 3 ናቸው። አገሪቱን በጅምላ ሲያዩ የበዛው ክሳት ነበር። ከተማ ሲገቡ ግን መልኩ ይለወጣል፤ በተለይ በሴቶች ዘንድ። ማራኪና ዳባት በአንድ መንገድ የተገናኙ ቦታዎች ናቸው፤ የሰዎቻቸው ሰውነት ግን የተለያየ ዘመን ላይ ነው።

አክስት፦ እኔ ግን ብዙ አልበላም። ደግሞ ጿሚ ነኝ። ረቡዕ ዓርቡን፣ ሁዳዴውን፣ ፍልሰታውን፣ ነቢያቱን። ከዓመቱ ግማሹን ሥጋና ቅቤ አልቀምስም።

ጤና መኮንን፦ ጾሙን አልነካብዎትም። ግን በጾም ምን ይበላሉ?

አክስት፦ ሽሮ። ምስር። ድንች። ቀይ ስር። እንግዲህ ዘይት ጠብ ይደረግበታል።

ጤና መኮንን፦ ያ ጠብ የሚባለው ዘይት ስንት ነው? አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው። ወጥ ሲሠራ አምስት ስድስት ማንኪያ ይገባል። ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ተጹሞ ከዚያ በኋላ በአንድ ላይ ይበላል፤ በላዩ ዳቦ፣ በላዩ በስኳር የጣፈጠ ሻይና ቡና፣ ሦስት አራት ስኒ። ጾሙ አላወፈረዎትም፤ ሆኖም አያከሳም። እናትዎ ይኼንኑ ጾም ይጾሙ ነበር፤ ግን ዘይቱ ይኼን ያህል አልነበረም፤ ውኃ ወንዝ ወርደው ይቀዱ ነበር፤ ገበያ በእግራቸው ይወጡ ነበር። እርስዎ ከማራኪ ፒያሳ የሚሄዱት በባጃጅ ነው።

አክስት፦ ጉልበቴን ያመኛላ።

ጤና መኮንን፦ ጉልበቱ የሚያመው አንድም በኪሎው ነው። ልብ አድርገው ይስሙኝ፤ 62 ይግቡ አልልዎትም። ቢገቡ ደግ ነው፤ ግን ያ ቁጥር ሰውን ተስፋ ያስቆርጣል። ከክብደትዎ ከመቶ አምስቱ ቢቀንስ ግፊቱም ስኳሩም ሲለወጥ እናያለን። የእርስዎ አምስት በመቶ አራት ኪሎ ነው። በስድስት ወር አራት ኪሎ። ዘይቱን በማንኪያ እየለኩ ያስገቡ፤ በዐይን አይሆንም። ስኳሩን ከሻዩ ያውጡት፤ ለስላሳውንም ይተዉት። እንጀራውን አንድ አድርገው ወጡን፣ ጎመኑን ያብዙት። ሲያስታርቁና ለቅሶ ሲደርሱ በሚቀርበው ነገር ላይ እጅዎን ይሰብስቡ። ደግሞ በሳምንት 150 ደቂቃ መራመድ፤ በቀን ሠላሳ ደቂቃ፣ አምስት ቀን። ላብ ላብ እስኪልዎት፣ ግን ወሬ ማውራት በማያቅትዎት ልክ ብቻ። ገበያ ላይ የሚሸጠውን «ማቅጠኛ ሻይ» ግን እንዳይነኩ። ሆድ ያስቀምጣል፤ የሚቀንሰው ኪሎም ውኃ ነው።

አክስት፦ ቡና ያለ ስኳር?

ጤና መኮንን፦ በጨው ጠጥተው ያደጉ አይደሉም እንዴ?

አክስት፦ እሱስ እውነት ነው። አባቴ ስኳር ያለበትን አይቀምሱም ነበር። እሺ፤ የኔን ሰማሁ። አሁን ግን አንድ ነገር ስላልገባኝ ልጠይቅህ። ወንድሜን አስበው። ከዳባት ባለፈው ሳምንት መጣ፤ ያን ልጅ ጋ ወስጄ አስመዘንሁት። አርባ ሰባት። ቁመቱ ከኔ ይበልጣል።

ጤና መኮንን፦ እኔ ለክቼዋለሁ፤ 1.68 ነው። ቢኤምአዩ 16.7 ይወጣል። ከ17 በታች ሲሆን መካከለኛ ክሳት ይባላል፤ ከ16 በታች የከፋ ነው። በሱ ቁመት ቢያንስ 52 መድረስ ነበረበት።

አክስት፦ እሱን ነው የምልህ። ስኳር አለበት አላችሁ። ስኳር የሀብታም፣ የወፍራም በሽታ አይደል? ዕድሜ ልኩን ማሳ ላይ የዋለ፣ ገብስና ባቄላ የሚበላ፣ ሲቀመጥ አጥንቱ የሚታይ ሰው ከየት አመጣው? ሰፈሩ ሁሉ «ስኳር ከሆነ እህል ቀንስ» አለው። እንጀራ ተወ። በሶውንም ተወ።

ጤና መኮንን፦ እትዬ፣ ልቤን የሚያቃጥለው ይኼ ነገር ነው። «ምግብ ቀንስ» የሚለው ምክር ለእርስዎ ነው። ለሱ መርዝ ነው። እኛ ክፍል የሚመጡ ከገጠር የሆኑ ስኳር ሕሙማን ብዙዎቹ እሱን ይመስላሉ። ወንዶች፣ ወጣትና ጎልማሳ፣ ድሃ ገበሬዎች፣ ቀጫጭኖች። ይኼን ያወቅነው ዛሬ አይደለም። እዚሁ ጎንደር ሆስፒታል ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ከብሪታኒያዊው ሐኪም ከኤልድሪድ ፓሪ ጋር ሆነው ጎንደርና ጅማ ላይ የስኳር፣ የሚጥልና የሌሎች ሥር የሰደዱ በሽታዎች ክትትልን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች አወረዱት፤ ሰው ኢንሱሊን ፍለጋ ሁለት ቀን በእግር እንዳይመጣ። ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሕመምተኛውን በአቅራቢያው እንዲከታተሉት ሆነ። መዝገቡ ሲታይ ታዲያ ያ የገበሬ ዓይነት ስኳር ፊት ለፊታቸው ቆመ። ኢንሱሊን ይፈልጋሉ፤ ግን በልጅነት እንደሚጀምረው እንደ አንደኛው ዓይነት አይደሉም፤ ከፍ ካሉ በኋላ ነው የሚይዛቸው። ከውፍረት ጋር እንደሚመጣው እንደ ሁለተኛውም አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2009 ዲያቤቶሎጂያ በተባለ መጽሔት ላይ አወጡትና ጥያቄውን በርዕሱ አስቀመጡት፤ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳር በሽታ የተባለውን ጉዳይ እንደገና እንክፈተው ወይ ብለው።

አክስት፦ እንደገና? ተዘግቶ ነበር?

ጤና መኮንን፦ አዎ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው የስኳር በሽታ ምድብ ውስጥ ለብቻው ስም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1999 ማስረጃው አልበቃም ተብሎ ወጣ። ስም የሌለው በሽታ መመሪያ አይጻፍለትም፤ መድኃኒት አይመደብለትም። የሕክምና ተማሪ ስለ አንደኛውና ስለ ሁለተኛው ተምሮ ይወጣል፤ ከዚያ ዳባት ወይም ደባርቅ ይመደብና በሁለቱም የማይገባ ሰው ፊቱ ይቀመጣል። ከሃያ አምስት ዓመት በላይ እንዲህ ተኖረ። እ.ኤ.አ. በ2025 ሚያዝያ ወር ባንኮክ በተደረገው ጉባኤው ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን «ዓይነት አምስት» ብሎ ዕውቅና ሰጠው። በዓለም ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ሰው እንዳለበት ይገምታሉ። ሁሉም ባለሙያ አልተስማማም፤ ክርክሩ ገና ነው። እኔ ግን ሕመምተኞቹን በየሳምንቱ አያቸዋለሁ።

አክስት፦ ታዲያ ያልበላ ሰው ስኳር እንዴት ይበዛበታል?

ጤና መኮንን፦ ኢንሱሊን የሚሠራው ቆሽት ነው። ቆሽት የሚሠራው ደግሞ በማሕፀንና በመጀመሪያዎቹ የልጅነት ዓመታት ነው። ያኔ ምግብ ካነሰ በደንብ ሳይሠራ ይቀራል የሚል ሐሳብ አለ። ልጁ ያድጋል፣ ያርሳል፣ ይወልዳል፤ ኋላ ግን ኢንሱሊኑ አልበቃ ይላል። ኢንሱሊን ሲያንስ ስኳር ደም ውስጥ ይቀራል፤ ሥጋው ግን ይራባል። ስኳሩ በሽንት ይወጣል፤ ሰውየው ይጠማል፣ ይከሳል። ረሃብ ዕድሜ ዘሎ እንደሚጎዳ ሌላ ቦታም ታይቷል። ሆላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ክረምት በጦርነት ምክንያት ከባድ ረሃብ ነበር። ያኔ ማሕፀን ውስጥ የነበሩት ልጆች ሃምሳ ዓመት ሲሆናቸው ተመረመሩ፤ ሰውነታቸው ስኳርን በማስተናገድ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

አክስት፦ እሱ ሰባ ሰባት ላይ ጡት ይጠባ ነበር። እናታችን ጡቷ ደርቆ አስታውሳለሁ።

ጤና መኮንን፦ የሱ በዚያ ነው ብዬ አልምልም፤ በአንድ ሰው ላይ ማንም እንዲህ ማለት አይችልም። ግን ሲነግሩኝ ማሰቤ አይቀርም።

አክስት፦ እኔ ያን ጊዜ ከፍ ብያለሁ። አሥራ አራት ይሆነኛል። ለዚህ ነው ከአንድ ማሕፀን ወጥተን አንዳችን ሠላሳ አንድ፣ አንዳችን አሥራ ስድስት የሆንነው?

ጤና መኮንን፦ አንድም ለዚያ ይሆናል። አንድም እርስዎ ከተማ ገቡ፣ እሱ እዚያው ቀረ። ዳገቱ፣ እርሻው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲራቆት የሚበላው ማነስ። እኔ እንዲያውም አንድ ቅሬታ አለኝ። ቢኤምአይ የሚለውን ነገር በሬዲዮም በስብሰባም ስናነሣ የምንናገረው ለከተማ ሰው ብቻ ነው። «ክብደትዎን ይቀንሱ» የሚለው ድምፅ ዳባት ድረስ ይሄዳል፤ «እርስዎ ጋ ክብደት መጨመር ነው ሕክምናው» የሚለው ግን አይሄድም። ስኳርን ከውፍረት ጋር ብቻ ስላስተማርን፣ ቀጭን ሰው ሲጠማና ሽንት ሲመላለስ ስኳር መሆኑ ለራሱም ለጎረቤቱም አይታየውም። ጠበል ይሄዳል፣ ቡዳ ነው ይባላል፤ ወራት ያልፋሉ። አንዳንዱ ራሱን ስቶ ነው የሚደርሰን።

አክስት፦ ጠበሉንስ ተው አትበለው።

ጤና መኮንን፦ አልልም። መርፌውን ይዞ ይሂድ ነው የምለው። ቁጥሩ ለቀጭን ሰው ሌላም በር ይከፍታል። ሰው ሳያስበው በስድስት ወር ውስጥ ከክብደቱ አምስት በመቶ ከወረደ ምርመራ ይፈልጋል፤ የሳንባ ነቀርሳ፣ ኤችአይቪ፣ እንቅርት፣ ስኳር፣ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ኤችአይቪ ያለበት አዋቂ ከ18.5 በታች ከሆነ ጤና ጣቢያ አልሚ ምግብ የሚያገኝበት አሠራር አለ፤ ለዚያም ሚዛንና ቁመት መለኪያ ያስፈልጋል። ስንት ጤና ጣቢያ ሚዛኑ ተበላሽቶ ወይም ቁመት የሚለካበት እንጨት ጠፍቶ ካርዱ ላይ ባዶ ቦታ እንደሚቀር ቢያዩ ያዝናሉ። ይኼ ከተማ የጤና መኮንን ትምህርት የተጀመረበት ነው፤ የጤና ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው ደምቢያ ላይ ወባ ሰው ስለፈጀ ነበር፤ ገጠር ወርዶ ሰውን ቤቱ ድረስ የሚያይ ባለሙያ ይፈለግ ነበርና። እኔ የዚያ ትምህርት ልጅ ነኝ። ስለዚህ ቁመትና ክብደት ሳይለኩ መድኃኒት መስጠት ያሳፍረኛል።

አክስት፦ እሺ አካሌ። ለወንድሜ ምን ልበለው?

ጤና መኮንን፦ ይብላ ይበሉት። እንጀራውን ይመልስ፤ በሶውንም። ግን በአንድ ጊዜ አይሁን፤ ሦስት ጊዜ፣ በመሐሉም ቁርስ ቢጤ። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር ያብዛ። ዶሮዎቹ የሚጥሉትን እንቁላል ሁሉ ገበያ አይውሰደው፤ በፍስክ ቀን ሁለቱን ለራሱ ያስቀር። ወተት ካለ ይጠጣ። ሻይ በስኳርና ለስላሳ ግን ለሱም አይሆንም።

አክስት፦ ጾሙስ? እሱ ከኔ ይብሳል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምስም።

ጤና መኮንን፦ ኢንሱሊን ወግቶ እስከ ዘጠኝ መቆየት አይችልም፤ ይወድቃል። ይኼን እኔ ብነግረው አይሰማኝም፤ የንስሐ አባቱን ያነጋግሩልኝ። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾሙን እንደምታቀል እሳቸው ያውቃሉ። አስፈላጊ ከሆነ እኔም መጥቼ አስረዳለሁ።

አክስት፦ እሳቸው እሺ ይላሉ፤ አስተዋይ ሰው ናቸው። መድኃኒቱስ? ማቀዝቀዣ የለው።

ጤና መኮንን፦ ዳባት ብርድ ነው፤ ይረዳዋል። ያልተከፈተውን በላስቲክ ጠቅልሎ እርጥብ አሸዋ ባለበት እንስራ ውስጥ፣ ጥላ ቦታ ያስቀምጥ። ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ እንዳያደርገው። ደግሞ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ እያለቀ ሲሄድ አይጠብቅ፤ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ይላክብኝ።

አክስት፦ ባለፈው ማሳ ላይ ላብ በላብ ሆኖ ተንቀጠቀጠ አሉኝ። ወባ መስሏቸው አልብሰው አስተኙት።

ጤና መኮንን፦ መቼ? ለምን አልነገሩኝም! ያ ወባ አይደለም፤ መድኃኒቱን ወስዶ ምግብ ስለተወ ስኳሩ ወርዶበት ነው። ለሚስቱ ዛሬ ይደውሉላት። እንዲህ ሲሆን፣ ላብ ሲያሰምጠው፣ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲቆጣ ወይም ሲወላገድ፣ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣ ታጠጣው፤ ሩብ ሰዓት ጠብቃ ካልተሻለው ትድገመው፤ ሲሻለው እንጀራ ትስጠው። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አታፍስስበት፤ በጎኑ አስተኝታ ወደ ጤና ጣቢያ ይሩጡ። ማሳ ሲወርድ ኪሱ ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ አይታጣ።

አክስት፦ ከረሜላ? ለስኳር በሽተኛ?

ጤና መኮንን፦ አዎ፣ ለዚያች ሰዓት። ስልኩን ያምጡት፤ እኔ ልንገራት። እርስዎም ክንድዎን ያዘጋጁ፤ ስጨርስ ግፊትዎን እለካለሁ።